አፍ ስለ መፍታት
(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ ስለ እንግሊዝኛ የንግግር ፈተና እንድናገር ሲጠይቀኝ ሳቄ መጣ። እኔ የሚፈለገውን ነጥብ ሳላገኝ ቀርቼ ለሁለተኛ ጊዜ ለመፈተን የምዘጋጅ ሰው ነኝና። ሆኖም ወንዝ ሲሻገር የወደቀ ሰው የሚያሟልጨው ድንጋይ የቱ እንደ ሆነ ያውቃል ብዬ እሺ አልሁ።

ለውጭ አገር ትምህርት ስናመለክት ብዙዎቻችን የምንጠየቀው አይኤልትስ የተባለውን ፈተና ነው። የንግግሩ ክፍል ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ቢወስድ ነው። በመጀመሪያ ስለ ቤታችሁና ስለ ትምህርታችሁ ትጠየቃላችሁ። ቀጥሎ ርእስ የተጻፈበት ካርድ ይሰጣችኋል፤ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ 1 ደቂቃ ታስባላችሁ፤ ከዚያም እስከ 2 ደቂቃ ብቻችሁን ትናገራላችሁ። በመጨረሻ በዚያው ርእስ ዙሪያ ጠለቅ ያለ ውይይት ይደረጋል።

እኔን የጣለኝ ካርዱ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሠላሳ መልስ እንደ ዳዊት በቃሌ ሳጠና ከርሜአለሁ። ካርዱ ግን ስለ አንድ ጎረቤት ተናገር አለኝ። ያጠናሁት ስለ መምህሬ ስለ ነበረ፣ የጎረቤታችንን አሮጊት መምህር አድርጌ ጀመርሁ! አራት ዓረፍተ ነገር እንደ ተናገርሁ ጥናቱ አለቀ፤ እኔም ዝም አልሁ። ስለ እኒያ እናት በአማርኛ ቢሆን ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አወራ ነበር። የፈተናውን ክፍያ ታላቅ እኅቴ ከደመወዟ ቆጥባ የሰጠችኝ ስለ ነበረ፣ ያን ቀን ወደ ቤት የሄድሁት በእግሬ ነው።

ነጥብ የሚሰጠው በአራት ነገር ነው፤ ሐሳብን አያይዞ ሳይደነቃቀፉ በመናገር፣ በቃላት ሀብት፣ በሰዋስውና በድምፅ አወጣጥ። አራቱም እኩል ይመዘናሉ። የለንደን ሰው መምሰል ከነዚህ ውስጥ የለም፤ የምንለው በግልጽ ከተሰማ ይበቃል። የሐሳባችሁንም ትክክለኛነት ማንም አይመዝነውም።

ታዲያ ለምን እንደነቃቀፋለን? አንደኛው ነገር የኛ ግሥ መጨረሻ ላይ የሚመጣ፣ የእንግሊዝኛው ግን ባለቤቱን ተከትሎ የሚቆም መሆኑ ነው። ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ሠርተን ስንገለብጠው ጊዜው ያልፋል። ደግሞም ታላቅ ሲጠይቀን አንገት ደፍተን በአጭሩ መመለስ ጨዋነት መሆኑን ተምረን አድገናል። ፈታኙ ግን «አዎን» በምትል አንዲት ቃል ላይ ምን ነጥብ ይስጥ?

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ሳቃችን ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተማርን እንጂ መቼ ተነጋገርንበት? መምህሩ ይናገራል፣ እኛ እንጽፋለን። በመኝታ ክፍላችን አንዱ ደፍሮ ሲጀምር «ፈረንጁ መጣ!» ብለን የምናስቆመው እኛው ነን። እኔም ስቄአለሁ። አንድ ጓደኛዬ ከዚያ ሳቅ ወዲህ እኔ ባለሁበት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ተናግሮ አያውቅም። በፈተናው ክፍል ውስጥ ዝም ባልሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ እርሱ ነው።

ስለዚህ ረቡዕ ረቡዕ ከራት በኋላ ሦስት ሦስት ሆነን እንቀመጥ። አንዱ ካርድ ስቦ ይናገር፣ ሁለተኛው ሰዓት ይያዝ፣ ሦስተኛው በስልኩ ድምፁን ይቅዳ። 2 ደቂቃው ሳይሞላ ማንም አያርም፣ ማንም አይስቅ። ከዚያ ቅጂውን ሰምቶ ስሕተቱን አስቀድሞ የሚናገረው ራሱ ተናጋሪው ይሁን።

ያ ጓደኛዬ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተቀምጦአል። በመጪው ረቡዕ የመጀመሪያውን ካርድ የምስበው እኔ ነኝ፤ ሰዓቱን እንዲይዝልኝ እለምነዋለሁ።