መልካቸው የሚመሳሰል ዓሦችን ስለ መለየትና አብሮ አደር ስለ መምረጥ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሞጣ በኩል ዓባይን የሚያሻግረው፥ አገሬው ሰባራ ድልድይ የሚለው ድልድይ ለታሪክ ተማሪ ብዙ የሚነገርበት ነው። በዐፄ ፋሲል ዘመን መሠራቱ፥ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ መሰበሩ፥ ሰው ለብዙ ዘመን በገመድ እየተጎተተ መሻገሩ፥ በ2002 ቢጠገንም ከጥቂት ዓመት በኋላ የክረምት ሙላት መውሰዱ ተደጋግሞ ተወርቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መጥቀሳችንን አድማጭ ልብ ይበልልን።) እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው ከድልድዩ ሥር ስለሚዋኘው ነው።

ምክንያታችን ቀላል ነው። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ለማስተማር ወደ ሞጣና ወደ ቢቸና ይሄዳሉ። እዚያም አንድ ገበሬ ጉድጓድ ቆፍሮ፥ ውሃ ሞልቶ፥ «እስቲ ምን ዓሣ ልጨምርበት?» ብሎ የተማረ ነው ያለውን ሰው መጠየቁ አይቀርም። የትምህርት ቤቱም ልጆች በመስተዋት ገንዳ ዓሣ ማሳደግ ያምራቸው ይሆናል። እንግዲህ ያን ጊዜ የያዝነው ዓሣ ማን እንደ ሆነና ከማን ጋር ቢኖር እንደሚስማማው ማወቅ ግድ ነው።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በመስተዋት ገንዳ ዓሣ የሚያሳድጉ የውጭ አገር ሰዎች ብርቱካን መልክና ነጭ ቀበቶ ያለውን ክላውንፊሽ የሚባል የባሕር ዓሣ እጅግ ይወዳሉ። ከዚህም ወገን ኦሴላሪስና ፔርኩላ የሚባሉት ሁለቱ እንደ መንታ ስለሚመሳሰሉ ሻጩም ገዢውም ይምታታበታል። መለያቸው የጀርባቸው እሾህ ቍጥር ነው፤ ኦሴላሪስ አብዛኛውን ጊዜ 11፥ ፔርኩላ 10 አለው። ደግሞም በፔርኩላ ነጭ ቀበቶ ዳርና ዳር ያለው ጥቁር መስመር ወፈር ይላል። የጋብቻቸው ነገር ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል፤ ሁሉም መጀመሪያ ወንድ ናቸው፥ ከመካከላቸው የበላይ የሆነው ትልቁ ግን ወደ ሴትነት ይለወጣል። ስለዚህ ሁለት ትልልቆችን በአንድ ገንዳ የጨመረ ሰው ሁለት እመቤቶችን በአንድ ጓዳ አስገባ ማለት ነው። አንዱ ትልቅ፥ ሌላው ትንሽ ሲሆን ይስማማሉ።

የዚሁ ወገን የሆነውን የቀይ ባሕሩን ባለ ሁለት ቀበቶ ዓሣ በ1830 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው ነበር። ይኸው ሰው ጎንደር ድረስ ዘልቆ የጣናን ዓሦች መርምሯል፤ ከእኛ ነጭ ዓሣ አንዳንዶቹ ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙት ከእርሱ ነው። በ1973 ግን ባኒስተር የተባለ ተመራማሪ የጣናን ነጭ ዓሣ ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ስም ጠቀለለው። የመልካቸው ልዩነት የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ልዩነት ነው ማለቱ ነበር። ኋላ በ1990ዎቹ ናገልኬርከና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ሊቃውንት አፉን፥ ዓይኑን፥ ምግቡንና የሚኖርበትን ጥልቀት ለክተው፥ ነጭ ዓሣ አንድ ሳይሆን 15 ዓይነት መሆኑን አስረዱ። አንዱ ከንፈረ ወፍራም ነው፤ አንዱ ዓይነ ትልቅ፤ አንዱ ከራሱ በስተኋላ ጉብታ አለው፤ ሌላው አፈ ሰፊ ነው። ከ15ቱ ውስጥ 8ቱ ዓሣ በላዎች ናቸው። በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው ወገን እንዲህ አዳኝ ሆኖ በብዛት መገኘቱ በሌላ ሐይቅ ያልታየ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ልዩነት ግን የሚታየው በትልልቆቹ ላይ ነው። ነጭ ዓሣ ትንሽ ሳለ ከ15ቱ የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ ጭንቅ ነው፤ ጭራሽም አድጎ ከጣት ከማይበልጠው ከሌላው ትንሽ የባርቡስ ወገን ጋር ይደባለቃል። እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ከጎኑ አንዲት ቅርፊት ነቅሎ በአጉሊ መነጽር ማየት ነው። በቅርፊቷ ላይ ያሉት ስስ መስመሮች ጎን ለጎን ትይዩ ሆነው ከሄዱ የትልቁ ወገን ልጅ ነው፤ እንደ ፀሐይ ጨረር ከመካከል ወደ ዳር ከተበተኑ ትንሹ ነው። ይህን ሳያዩ ሁለቱን በአንድ ገንዳ ያሳደጉ እንደ ሆነ ከዓመት በኋላ የሚቀረው አንደኛው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለመስተዋት ገንዳ እኛ የምንመርጠው ትንሹን ባርቡስና ጋራ የሚባለውን ዓሣ ነው። ጋራ ከአገጩ በታች እንደ ማኅተም ያለ መጣበቂያ ስላለው ከድንጋይ ላይ ተለጥፎ አረንጓዴውን ዝቃጭ እየፋቀ ይበላል፤ ከማንም ጋር ጠብ የለውም።

ለገበሬው ኩሬ ግን የሚሻለው ቆሮሶ ነው። የቆሮሶ ክፉ ጠባይ መራባቱ ነው፤ ሴቷ እንቍላሏን በአፏ ይዛ ስለምትፈለፍል ጫጩቱ አይጠፋም፥ ኩሬው በጥቂት ወራት ይሞላል፥ ምግቡ ያንስና ሁሉም ቀጭጨው ይቀራሉ። መድኀኒቱ ወንዶቹን ብቻ ለይቶ መጨመር (ከሆዳቸው በታች ወንዱ ሁለት፥ ሴቷ ሦስት ቀዳዳ አላቸው)፥ ወይም ጫጩቱን እየለቀመ የሚበላ አምባዛ አብሮ ማስገባት ነው። አምባዛው ከትልልቆቹ ቆሮሶዎች ያነሰ ይሁን፤ አለዚያ ባለቤቶቹንም ይጨርሳቸዋል። ሞጣና ቢቸና ከ2,400 ሜትር በላይ ያሉ ደጋዎች ስለ ሆኑ፥ ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቆሮሶ አያድግም ማለት ይቻላል። ኩሬው ወደ ቆላው፥ ወደ ገደሉ አፋፍ ወረድ ብሎ ቢቆፈር ይሻላል።

አሁን ዋናውን ነገር እንናገር። 40 ሜትር ያህል የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ለዓሣ የአንድ ወገን በር ነው፤ ከላይ የመጣ ይወድቅ ይሆናል፥ ከታች የሚወጣ ግን የለም። በናይል ያሉት ሞርሚሩስና ባግሩስ በጣና የማይገኙት ስለዚህ ነው፤ የጣና ቆሮሶም በ1992 ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ተብሎ ተሰይሟል። ሱሃና ሙጋ፥ ሰባራ ድልድይም ጭምር ከፏፏቴው በታች ናቸው። ያንን በር ሊያስከፍት የሚችል ሰው ብቻ ነው፤ ይኸውም ከድልድዩ ሥር የያዘውን ዓሣ በጀሪካን ተሸክሞ ጣና ዳር ባለ ኩሬ ሲጨምር ነው። ኩሬ ደግሞ በክረምት ይሞላል፥ ይፈሳል። የጣና ነጭ ዓሣ በ1986 ከተጀመረው የሞተር ጀልባና የረጅም መረብ ማጥመድ ወዲህ፥ በክረምት ሊራባ ወደ ገባር ወንዞች ሲወጣም በአፋቸው በመረብና በብርብራ እየተጠቃ እጅግ ቀንሷል፤ በዚህ ላይ እንግዳ መጨመር አይገባም። ስለዚህ ከፏፏቴው በላይ ላለ ኩሬ የጣናውን፥ ከበታች ላለው የታችኛውን ዓሣ ብቻ እንምረጥ፤ ከመስተዋት ገንዳ የተረፈውንም ወንዝ ውስጥ አንድፋ።

የሁለቱ ባርቡስ ቅርፊቶች በጠረጴዛው ላይ በአጉሊ መነጽር ሥር ተቀምጠዋል። ማየት የምትሹ ከጥያቄው በፊት አንድ አንድ እያላችሁ ቅረቡ።