ሆስፒታሉ ወደ ቤት ሲሄድ



በአገራችን ሐኪም «ቤት ውሰዱት» ሲል ቤተሰብ የሚረዳው አንድ ነገር ነው፤ ተስፋ ተቆርጧል። ዛሬ የማነሣው አሠራር በስሙ ይህን ቢመስልም በይዘቱ ተቃራኒው ነው፤ ታማሚው ብቻውን አይሄድም፣ ሆስፒታሉም አብሮት ይሄዳል።

በአሜሪካ ይህን በስፋት ካጠኑት መካከል የጆንስ ሆፕኪንሱ ዶክተር ብሩስ ሌፍና ባልደረቦቻቸው ይገኛሉ። መነሻቸው አረጋውያን በሆስፒታል አልጋ ላይ ሌላ ጉዳት ማትረፋቸው ነበር፤ አእምሯቸው ይዛባል፣ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል፣ ከሌላ ሕመምተኛ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት በሳንባ ምች፣ በልብ ድካምና በመሳሰሉት ሕመሞች ተኝተው መታከም የሚገባቸውን 455 አረጋውያን ተከታተለ። በቤታቸው የታከሙት በአማካይ 3.2 ቀን፣ ሆስፒታል የተኙት 4.9 ቀን ቆዩ። ወጪውም 5,081 ዶላር በ7,480 አንጻር ሆነ። (ተማሪዎቼ ልብ በሉ፤ ምደባው በዕጣ አልነበረም። በዕጣ የተመደበው የቦስተን ጥናት በ2020 ታትሞ ወጪው በ38 በመቶ ማነሱን አሳይቷል።)

አሠራሩ የቆመው ግን በመሣሪያ ብቻ አይደለም። ሐኪሙ ታማሚውን በየዕለቱ ያያል፤ ነርሷ መድኃኒቱን በደም ሥር ትሰጣለች፤ ሌሊት ቢደወል የሚያነሣ አለ። ከሁሉም በላይ፣ ታማሚው ከሆስፒታሉ መዝገብ አልወጣም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት አባቴ በሳንባ ምች ተኝተው ሳለ፣ አልጋ ስለጠበበ መርፌው ታዝዞላቸው ተሸኙ። መርፌውን የሚወጋ የሰፈር ነርስ በራሳችን ገንዘብ ቀጠርን። በሦስተኛው ሌሊት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ትንፋሽ አጠራቸው። እህቴ ስልኳን ይዛ ቆመች፤ የምትደውልለት ግን አልነበረም። በጎረቤት መኪና ወስደናቸው ተረፉ፤ ካርዳቸው ስለተዘጋ ግን እንደ አዲስ ታማሚ ተራ ጠበቁ።

እንግዲህ ሁለቱም «የቤት ውስጥ ሕክምና» ሊባሉ ይችላሉ። እኔ ግን የአባቴን ማስወጣት እንጂ ማከም አልለውም። የአልጋ እጥረታችንን በዚህ መንገድ እናቃልል የሚል ሐሳብ ሲቀርብ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለ ኦክስጅን ወይም ስለ መብራት መጥፋት አይደለም፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጠያቂው ማን ነው የሚል ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ አስታማሚዋ ነው። ሆስፒታል ውስጥም ቢሆን የምታጥበው፣ የምታጎርሰው፣ መድኃኒት ፍለጋ የምትሯሯጠው እርሷ ናት። እህቴ ሁለት ሳምንት ከሥራ ቀርታ ደመወዟ ተቆርጦባታል፤ ያ ገንዘብ ግን ከየትኛውም የወጪ ስሌት ውስጥ አልገባም።