ምጣዱ ስንት ዲግሪ ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሙቀት አለካክ ነው። «ይህስ ለፊዚክስ ተማሪዎች ብቻ ነው» የሚል ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ፤ ነገሩ በእያንዳንዳችን እናት ቤት ያለ ነውና።

እኔ ያደግሁት በአምባሰል፣ ከግሸን አምባ ሥር ነው። ብዙዎቻችሁ ግሸንን የምታውቋት መስከረም 21 ቀን በሚከበረው በዓሏ፣ ወይም የነገሥታት ልጆች ተጠብቀው ይኖሩባት በነበረው በጥንቱ ታሪኳ ነው። እኔ ግን የማነሣው የማገዶውን ነገር ነው። በአምባ አገር እንጨት ሽቅብ የሚወጣው በሰውና በአህያ ጀርባ ነው፤ ከዚያም ብዙው የሚነደው እንጀራ ለመጋገር ነው።

ይህን ለማሻሻል ያልተደከመ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ «ምርጥ» የተባለው የሲሚንቶ ምድጃ ወጥቶ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን እኩሌታ ያህል እንደሚያድን ተነግሮለታል። የአዲስ አበባና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች መሐንዲሶችም በፀሐይ ሙቀት የሚሠራ ምጣድ ሠርተው ሞክረዋል። ነገር ግን አንድ ምድጃ ከሌላው ተሻለ የምንለው በምን ለክተን ነው? ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላልና፣ መለወጡን ከመሻሻሉ የሚለይልን ልክ ያስፈልገናል።

ምጣድ አንድ ሙቀት የለውም። መሐሉ ሌላ፣ ዳሩ ሌላ ነው። እንጀራ በተለምዶ የሚጋገረው የምጣዱ ፊት ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። ሊጡ ሲፈስበት ግን፣ አንድ ኪሎ ውሃ ተን ለመሆን 2,260 ኪሎጁል ያህል ስለሚፈልግ፣ ፊቱ ወዲያው ይበርዳል፤ አክንባሎው ተነሥቶ እንጀራው ከወጣ በኋላ ደግሞ መልሶ ይግላል። እንግዲህ መሐሉን አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ «200 ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ የአንድ ቀን ካፊያ አይቶ የክረምቱን ዝናብ መዘገብኩ እንደሚል ነው።

ስለዚህ በብዙ ቦታ የሚለካና በየጥቂት ሴኮንዱ የሚመዘግብ መሣሪያ ያስፈልጋል። ይኸውም ባለ ብዙ መስመር የቴርሞካፕል መዝጋቢ ወይም ዳታ ሎገር የሚባለው ነው። ስምንት ወይም አሥራ ስድስት ጥንድ ሽቦ ይቀበላል፤ እያንዳንዱንም በተራ እየጎበኘ ሙቀቱን ከሰዓቱ ጋር ይጽፋል።

የሥራው መሠረት የቆየ ነው። ዜቤክ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1821 ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች ጫፍና ጫፋቸው ተጋጥሞ አንደኛው መጋጠሚያ ሲሞቅ የኮምፓስ መርፌ እንደሚዞር አየ። እርሱ የመግነጢስ ጉዳይ መሰለው፤ ኧርስቴድ ግን በሽቦው ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት መኖሩን አስረዳ። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚሠራበት «ኬ» የተባለው ዓይነት ከሁለት የኒኬል ቅይጦች፣ ከክሮሜልና ከአሉሜል፣ የተሠራ ሲሆን ለአንድ ዲግሪ ልዩነት 41 ማይክሮቮልት ያህል ይሰጣል።

«ልዩነት» የምትለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ሽቦው የሚናገረው የምጣዱን ሙቀት ሳይሆን፣ ምጣዱ ሽቦው ከታሰረበት ሣጥን በስንት እንደሚበልጥ ነው። ምጣዱ 220፣ ሣጥኑ 20 ዲግሪ ቢሆን 8.14 ሚሊቮልት ይገኛል፤ ይህንንም በቀጥታ ከሰንጠረዡ የሚፈልግ ሰው 200 ብሎ ይጽፋል። ደኅና መዝጋቢ በውስጡ ትንሽ ሙቀት መለኪያ ስላለው ይህን ራሱ ያርማል። ዳሩ ግን ሣጥኑ እሳት አጠገብ ተቀምጦ በአንድ ወገን ከጋለ እርማቱ ይዛባል፤ ስሕተቱም በብዙ መስመሮች ላይ አንድ ላይ ስለሚገባ ማንም አይጠረጥረውም። እንግዲህ ሣጥኑ ከእሳትም ከነፋስም ይራቅ። ሽቦው ካጠረም የሚቀጠለው በዚያው ዓይነት ሽቦ እንጂ በመዳብ አይደለም። መጋጠሚያው በምጣዱ ላይ እንዲሁ ከተጋደመ የሚለካው ግማሽ አየር ነውና፣ ከሥር በኩል በሸክላው ውስጥ ተቀብሮ በጭቃ ይመረግ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ ደግሞ ራቁቱን ያለ መጋጠሚያ መብራት ያለበትን ሽቦ እንዳይነካ፤ መሣሪያውንም ሰውንም ይጎዳልና።

ለአገራችን የተለየ አንድ ነገር ልጨምር። መሣሪያን በፈላ ውሃ መፈተን የቆየ ልማድ ነው። መጽሐፉም «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ይላል። ይህ ግን በባሕር ጠረፍ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ 92፣ በ3,000 ሜትር ላይ ደግሞ 90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደጋ አምባ ላይ 90 አንብቦ «መሣሪያው ዐሥር ዲግሪ ጎደለ» ብሎ የሚያርም ተማሪ፣ እውነተኛውን ምስክር በሐሰት ቀጣ ማለት ነው።

ወገኖቼ፤ ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለምንድር ነው? እናቶቻችን ያለ ምንም መሣሪያ ጥቂት ሊጥ ጠብ አድርገው ምጣዱ መድረሱን ያውቃሉ፤ የቱ ጎን እንደሚያሳርር፣ የቱ ዓይን እንደማያወጣ ያውቃሉ። መስመሮቹን የት እንደምንቀብር ሊነግሩን የሚችሉት እነርሱ ናቸው። የእኛ ድርሻ እነርሱ በእጃቸው የሚያውቁትን በቁጥር ጽፎ ለምድጃ ሠሪው ማድረስ፣ ውጤቱንም መልሶ ለእነርሱ ማንበብ ነው። ሳንለካ የምናከፋፍለው ምድጃ ግን ማገዶ ባያድን፣ ጭሱንና ሸክሙን የሚቀበሉት እኛ አይደለንም።

በአገራችን አነጋገር ለሙከራ ብቻ የሚፈለግ ሰው የምጣድ ማሟሻ ይባላል። የገጠሩ ወገናችን የእኛ ትምህርት የምጣድ ማሟሻ እንዳይሆን፣ አስቀድመን በትክክል እንለካ እላለሁ።