የሥራ ፈላጊው መዝገብ በማን እጅ ይሁን?



ሥራ ፈላጊውን ከሥራ የማገናኘቱ ኃላፊነት የማእከላዊው መንግሥት ነውን? ወይስ ሥራ ፈላጊው የሚኖርበት አስተዳደር? ለዚህ ጥያቄ የሐዋሳ ከተማ በቂ ማስረጃ ይሰጣል።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60,000 ያህል ሠራተኞችን እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ፓርኩን ያሠራው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። ሠራተኛ የማሰባሰቡ ተግባር ግን በጊዜው ለነበረው ለደቡብ ክልል ተሰጠ፤ ይኸውም ወጣቶች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ በየወረዳቸው እየተመዘገቡ በከተማው ከተመዘኑ በኋላ ለፋብሪካዎቹ ይደለደሉ ነበር።

በዚህ አሠራር ብዙ ሺህ ሰው ሥራ ያዘ። ይሁን እንጂ ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከቀለብ የሚተርፍ ስላልሆነ ብዙዎቹ ሳይቆዩ ለቀቁ። በማእከሉ መዝገብ አንዲት ወጣት የተቀጠረች ዕለት «ሥራ ያገኘች» ተብላ ትቆጠራለች። በታቦር ክፍለ ከተማ አንዲት ጠባብ ክፍል ከጓደኞቿ ጋር ተከራይታ ኑሮው ሲከብዳት፣ ኋላም ጓዟን ጠቅልላ ወደ ወላጆቿ ስትመለስ የሚያያት ግን ቀበሌው ነው። ቀበሌው ያየውን በመዝገቡ ላይ የማረም ሥልጣን ከሌለው ዕውቀቱ ለማንም አይበጅም።

እንዲህም ሲባል ሁሉ ለአካባቢው ይተው ማለት አይደለም። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፓርኩ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ታኅሣሥ 23 ቀን ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ወጣች። ይህን የመሰለውን ነገር የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሊያስቀረው ቀርቶ ቀድሞ ሊያውቀውም አይችልም። ከዚህም ሌላ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ከሆነ ወዲህ ከወላይታ ወደ ሐዋሳ የምትመጣው ሥራ ፈላጊ የክልል ወሰን ትሻገራለች። መዝገቡ በአካባቢው እጅ ብቻ ቢወድቅ የባዳና የዘመድ መለያ እንዳይሆን ያሠጋል።

ስለሆነም ምዝገባውና ክትትሉ ለቀበሌው ከነበጀቱ ቢሰጥ፣ በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ደግሞ መዝገቦቹን አስተሳስሮ የትኛዋም ሥራ ፈላጊ በየትኛውም ክልል በእኩል እንድትስተናገድ ቢቆጣጠር ይበጃል። ሪፖርት ሲጠየቅም ስንት ሰው ተቀጠረ ከሚለው ጋር ከዓመት በኋላ ስንቱ በሥራው ላይ አለ የሚለው አብሮ ይጠየቅ። ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ከታቦር መንደሮችና ከወጣቶቹ የትውልድ ቀበሌዎች ነው።