የበዓል ገበያና የደረሰኝ ክምር

እሱ፦ መስከረም 21 ሲቃረብ ምእመናን ለግሸን ማርያም በዓል ወደ አምባሰል ይጎርፋሉ። ምግብ ቤቱም ማደሪያውም ውኃ፣ ሽሮ፣ ሽንኩርትና ከሰል በጥድፊያ ይገዛል።

እሷ፦ በጥድፊያ የተገዛ ይወደዳል፤ ያውም ወደ ግሸን አምባ የማጓጓዣው ሂሳብ ሳይታሰብ።

እሱ፦ በዓሉ እኮ ድንገት አይመጣም፤ ቀኑ የታወቀ ነው።

እሷ፦ ልክ ነህ! ስለዚህ የአምናውን ደረሰኝ ሰብስቦ መመርመር ነው፤ ምን፣ ከማን፣ ስንት፣ በምን ዋጋ? አንዱ ነጋዴ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ከተመዘገበ ስሙን አንድ ማድረግ። ከዚያ ወጪውን በምግብ፣ በማገዶና በማጓጓዣ መለየት።

እሱ፦ ያኔ ጉዱ ይወጣል! አንዱን ዕቃ ከአምስት ሱቅ በአምስት ዋጋ ገዝተን ይሆናል።

እሷ፦ ተበታትኖ መግዛት እንደሚያስወድድ መንግሥትም ያውቀዋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል ግዢ አዋጅ ቁጥር 649 ለማዕቀፍ ስምምነት ቦታ ሰጥቶ ነበር፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚፈልጉትን ዕቃ በአንድ ውል መግዛት ማለት ነው።

እሱ፦ እዚህ ላይ ግን አልስማማም፣ እህቴ። ሁሉን ለአንድ ነጋዴ ሰጥተሽ መኪናው መንገድ ላይ ቢቀርስ?

እሷ፦ እሱንም መዝገቡ ይነግርሃል፤ ማን በሰዓቱ አደረሰ፣ ማን አዘገየ። ዋናውን ከደሴ፣ መጠባበቂያውን ከውጫሌ መያዝ ይቻላል።

እሱ፦ እንግዲህ ያምባሰል ነጋዴዎች፣ ዘንድሮ ደረሰኝ እንዳትጥሉ!

እሷ፦ ለትንሿም ግዢ ጠይቁ፤ ቅናሽ የምትደራደሩት በእሱ ነው።