ከደብረ ታቦር እስከ ላሊበላ በእግር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በ2015 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፣ ያን ጊዜ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን፣ አራት ሆነን ለገና በዓል በእግራችን ወደ ላሊበላ ለመሄድ ፈቃድ በጠየቅን ጊዜ ዲሬክተራችን አንድ ግዴታ ብቻ አደረጉብን። ይኸውም በየማታው የዋልንበትን በደብተር ጽፈን በኋላ ለትምህርት ቤቱ እንድንነግር ነው። ስለዚህ ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ዕዳችንን ለመክፈል ነው። ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በመጻሕፍት ብዙ ተጽፏል፤ እኛ የምንናገረው ግን ስለ መንገዱ ነው፤ ተሳላሚ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ምን እንደሚበላና የት እንደሚያድር ነው።

ከደብረ ታቦር እስከ ላሊበላ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመኪናው መንገድ በጉና ተራራ ሥር አድርጎ በነፋስ መውጫ፣ በጨጨሆና በፍላቂት በኩል አልፎ ጋሸና ይደርሳል። ከጋሸና ወደ ሰሜን ይታጠፍና 64 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ላሊበላ ይገባል። የእግረኛው መንገድ አንዳንዴ ከመኪናው መንገድ ጋር ይሄዳል፤ አንዳንዴም ትቶት በአቋራጭ ገደሉን ይወርዳል። በመኪና የአንድ ቀን ጉዞ የሆነውን በእግር ለምን ሄዳችሁ ብለው ብዙዎች ጠይቀውናል። እውነቱን ለመናገር ያስነሣን ነገር መንፈሳዊ ብቻ አልነበረም። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ልጆች ነን፤ ከአራታችን ሁለታችን የነቢያትን ጾም በቤታችን ጾመን አናውቅም ነበር። አያቶቻችን የሄዱበትን መንገድ ለማየት፣ ጉልበታችንንም ለመፈተን ፈለግን። ሦስታችን የእግር ኳስ ተጫዋቾች ስለ ሆንን ገበሬዎቹን ቀድመን እንደምንደርስ አልተጠራጠርንም።

ስንቃችንን ስናዘጋጅ የተማርነውን ሁሉ አሰብን። የወተት ብስኩት፣ የታሸገ ዓሣ፣ ሁለት የእጅ ባትሪ፣ የመድኃኒት ሣጥን፣ ሦስት መጻሕፍትና ሌላም ብዙ ነገር ይዘን፣ እያንዳንዳችን ዐሥራ አምስት ኪሎ ያህል ተሸከምን። አንደኛው ጓደኛችን ለጉዞው ብሎ አዲስ የቆዳ ጫማ ገዛ። ስለዚህ ጫማ በኋላ እንመለስበታለን።

ታኅሣሥ 18 ቀን ገና ሳይነጋ ከከተማው ስንወጣ ከፋርጣ ገጠር የመጡ ሰባት ተሳላሚዎች አገኘን። እነርሱም አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት እማሆይ፣ አንዲት አህያ የሚነዱ ባልና ሚስት፣ ሁለት ሴቶችና ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነበሩ። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በስልቻ ይዘዋል፤ ከዚህ በቀር ጋቢና ዱላ እንጂ ሌላ ጓዝ አልነበራቸውም። ሽማግሌው ግን በነጠላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር በትከሻቸው ተሸክመው ነበር። በመጀመሪያው ሰዓት ቀደምናቸው። ረፋዱ ላይ ዛፍ ሥር ተዘርግተን ስናለከልክ በዚያው በጠዋቱ እርምጃቸው ደርሰውብን «እንደ ምን ዋላችሁ ልጆች» ብለው አለፉን። ከዚያ ወዲያ ከኋላቸው መከተል ጀመርን፤ ማታም አብረን አደርን፤ ከዚያ በኋላ አልተለያየንም።

የተሳላሚ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። እማሆይ ቀድመው ይነሡና እያንዳንዳችንን በዱላቸው ጫፍ ይነካሉ። በታኅሣሥ ሌሊት በደጋው ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ጣት ጫማ ማሰር ይሳነዋል። ፊታችንን ወደ ምሥራቅ መልሰን ከጸለይን በኋላ በጨለማ እንነሣለን። ፀሐይ ስትወጣ ከጉዞው እኩሌታ የሚሆነው ተሄዷል። ቀትር ላይ ጥላ ባለበት ጥቂት ይታረፋል፤ የሚበላ ግን የለም። ወቅቱ ጾም ስለ ሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀመስም። ሽማግሌው «እናንተ ልጆች ናችሁ፤ መንገደኛም ናችሁ፤ ብሉ» ብለውን ነበር። ነገር ግን የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ሳይበላ እያየን ብስኩት ማውጣት አልተቻለንም። ብስኩቱ ደግሞ ወተት ያለበት ነው። በሁለተኛው ቀን ለመንደር ልጆች ሰጠነው፤ ዓሣውንም ሳንከፍተው እስከ ላሊበላ ተሸክመን ሄድን።

በዘጠኝ ሰዓት ውኃ ካለበት ስንደርስ እማሆይ በሶውን በውኃና በጨው አሽተው ጭብጦ ጭብጦ አድርገው ለሁሉ ያድላሉ። እኛ በቤታችን በሶን የድኻ ምግብ አድርገን እንቆጥረው ነበር። በሶ ግን የተቆላ ገብስ ዱቄት ስለ ሆነ እሳት አይሻም፤ አይሻግትም፤ ጥቂቱ ብዙ ያስኬዳል። በአራተኛው ቀን የእኛ ስንቅ አለቀ፤ የእነርሱ ግን ከስልቻው እኩሌታ አልወረደም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእነርሱ በላን። ማንም አልጠየቀንም፤ እማሆይ የጭብጦውን መጠን ብቻ አሳነሱት።

ማታ ማደሪያ የሚጠይቁት ሽማግሌው ናቸው። ከአጥሩ ውጭ ቆመው «ቤቶች! የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» ይላሉ። ውሻው ይጮኻል፤ አባወራው ይወጣል፤ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» ይላል። ዐሥራ አንድ ሰው በአንድ ጎጆ ስለማይበቃ አንዳንዱ ወደ ጎረቤት ይመራል። ከዚያ የቤቱ ልጅ በገበቴ ለብ ያለ ውኃ ያመጣና የእንግዳውን እግር ያጥባል። በመጀመሪያው ማታ አንድ የእኛ ዕድሜ የሆነ ልጅ ተንበርክኮ እግራችንን ሲያጥብ እጅግ አፈርን፤ ተው ብንለው ደግሞ እርሱ አፈረ። በመንገድ ካደርንባቸው ዐሥር ሌሊቶች ሰባቱን በገበሬ ቤት፣ ሦስቱን በቤተ ክርስቲያን አጸድ አሳለፍን። በአጸድ ማደር ብርዱ ጽኑ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ጋቢውን አገጣጥሞ ስለሚተኛ መካከል የደረሰው ሰው ይሞቀዋል። መካከሉ በተራ ነው።

ታኅሣሥ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤል በዓል ስለ ነበረ መንገድ ዳር ባለ ደብር ጠበል ጻዲቅ ቀመስን። ከዚያ ወደ ጋይንት ገባን። ጋይንት የቤተ ልሔም የድጓ ጉባኤ ቤትና የዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ጉባኤ ቤት ያሉበት አገር ነው። በመንገድ ሁለት የቆሎ ተማሪዎች አገኘንና ስለ ትምህርታቸው ተጨዋወትን። ለማስመስከር ስንት ዓመት ይፈጃል ብለን ብንጠይቅ፣ እንደ ተማሪው ነው አሉን። ፈተናችሁ መቼ ነው ብንላቸው ሳቁብን። እኛ በየሴሚስተሩ ስለሚሰጠን ማርክ ብንነግራቸው ደግሞ አዘኑልን።

በዚህ አገር የሚሄድ ሰው ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ሳያስብ አያልፍም። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሚሲዮን ሰዎች የነበሩ የውጭ አገር ባለእጆች ለንጉሡ የሠሩላቸው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ ሰባት ቶን ይመዝን ነበር። ንጉሡ እርሱን ወደ መቅደላ ለማድረስ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. በጋይንት፣ በዋድላና በደላንታ በኩል ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ አስቆረጡ። እኛ ዐሥራ አምስት ኪሎ ተሸክመን የጨጨሆን ገደል ስንወጣ መድፉን የጎተቱትን ሰዎች አሰብናቸው። በታሪክ ትምህርት ላይ ይህን ክፍል በአንድ መስመር አልፈነው ነበር።

አሁን ወደ ጫማው እንመለስ። የጓደኛችን ተረከዝ ገና በሦስተኛው ቀን ውኃ ቋጥሮ ነበር፤ እርሱ ግን ደበቀን። ትንሹ ልጅ በባዶ እግሩ እየሄደ እኔ በአዲስ ጫማ አመመኝ ብዬ እንዴት እናገራለሁ ብሎ ነው። ከፍላቂት ወዲህ ማነከሱ ተገለጠ። ታኅሣሥ 25 ቀን ጋሸናን አልፈን ጥቂት እንደ ራቅን መንገድ ዳር ተቀመጠና አልነሣም አለ። እማሆይ ጫማውን ሲያወልቁለት ካልሲው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነበር። እኛ የመድኃኒት ሣጥን የያዝን ሰዎች ተደናግጠን ቆምን። እርሳቸው ከአንድ ጎጆ ትኩስ ውኃና ጨው አስመጥተው አጠቡት፤ ከእኛም ሣጥን ንጹሕ ፋሻ ጠይቀው ጠቀለሉለት።

ያን ማታ እዚያው ጎጆ አደርን፤ ምክርም ሆነ። የሽማግሌው ዕቃ ምን እንደ ሆነ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ልጃቸው በወሊድ ታማ ለሞት ቀርባ ሳለች ለላሊበላ ቤተ ማርያም የተሳሉት ጥላ ነበር። ታኅሣሥ 27 ቀን ደርሰው፣ ሕዝቡ ሳይበዛ ለካህናት አስረክበው፣ ሁለት ሌሊት በደጇ ሊያድሩ ነበር ያሰቡት። ስለዚህ እኛ «አባባ፣ እናንተ ሂዱ፤ እኛ ሲሻለው እንከተላለን፤ ካልሆነም መኪና እንለምናለን» አልናቸው። እርሳቸውም «አብረን ወጥተን?» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። ባልና ሚስቱ ጥቂት አጉረመረሙ፤ አህያቸው ለመመለሻ ጭነት ነበረባት፤ እውነት ነበራቸው። ነገር ግን ጠዋት ማንም አልተነሣም።

በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ በዚያ ቤት ዋልን። በ2014 ዓ.ም. በጋሸና አካባቢ ብርቱ ውጊያ ተደርጎ ስለ ነበር የመንደሩ ሰው ያለፈውን ዓመት እህል እንደ ልቡ አላገኘም ነበር። እንዲህ ሆኖ ሳለ ለዐሥራ አንድ እንግዳ ሁለት ማታ የባቄላ ወጥ ተሠራ። ገንዘብ አዋጥተን ለእመቤቲቱ ብንሰጣቸው «ቤቴን ሆቴል አደረጋችሁት?» ብለው ተቀየሙ። ምን እናድርግ ብለን ስንጨነቅ አባወራው ገብስ ለማበራየት ወደ አውድማ ሲወርዱ አየንና ሦስታችን ተከተልናቸው። በሬዎቹን በክብ መንዳት ቀላል ይመስል ነበር፤ በሬ ግን የማያውቀውን ድምፅ አይሰማም። መንሽ ሰጡን፤ ጭዱን ስንበትን እብቁ ዐይናችን ገባ። አባወራው እየሳቁ «ከተሜ መንሽ ሲይዝ ብዕር የያዘ ይመስላል» አሉን። ከሰዓት በኋላ ግን ንፋስ ሲነሣ ላይዳ ሰጡን፤ ማታ ገብሱ ተሰፍሮ ሲገባ እኛም ከተሸካሚዎቹ ነበርን። ያን ማታ እራት ስንበላ ቀና ብለን በላን።

ታኅሣሥ 27 ቀን ሌሊት ተነሣን። የጓደኛችን ዕቃ በአህያዋ ላይ ተጫነ፤ ስለዚህ የአህያዋን ስልቻ ለሁላችን ተካፈልነው። እርሱ የትንሹን ልጅ አባት በረባሶ ተጫማ፤ ልጁ ለአባቱ ማስባረኪያ ብሎ በጉያው ይዞት የነበረ ነው። ከደጋው ወደ ተከዜ ሸለቆ ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። ተከዜ በዚያ ቦታ ገና ትንሽ ውኃ ነው፤ በድንጋይ ላይ እየተረገጠ ይታለፋል። በካርታ ላይ ሰሊጥ ሆኖ ከአትባራ ጋር የሚቀላቀለው ታላቅ ወንዝ ይህ ነው ብለን ለሽማግሌው ብንነግራቸው «ሁሉም ሲነሣ ትንሽ ነው» ብለው እግራቸውን አራሱ። ስለ ወንዙ ስም ተሳስተናል፤ ሰቲት ለማለት ነበር፤ የጂኦግራፊ መምህራችን ይቅር ይበሉን።

ታኅሣሥ 28 ቀን ከመሸ ላሊበላ ገባን። በመግቢያው የአገሩ ሰዎች ውኃ ይዘው የተሳላሚ እግር ያጥቡ ነበር። ኮረብታው ሁሉ ነጭ ለብሶ፣ ጧፍ በየቦታው እየበራ፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ነበር። ወደ ቤተ ማርያም መቅረብ አልተቻለም። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ ሞክረው ሦስት ጊዜ ተመለሱ፤ ጥላው እንዳይሰበር በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ይዘውት ነበር። በነጋው ካህናቱ ከፊሎቹ በማሜ ጋራ አለት ላይ፣ ከፊሎቹ ከታች በግቢው ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር በሰው ትከሻ መካከል አየን። ከላይ ያሉት ሲያሸበሽቡ ከታች ያሉት ይመልሳሉ። ዐሥራ አንዱንም አብያተ ክርስቲያናት ከበዓሉ በኋላ ዞረን አየናቸው፤ ስለ እነርሱ ግን ከእኛ የተሻሉ ሰዎች ጽፈዋልና አንጨምርም።

ታኅሣሥ 30 ቀን በአውቶቡስ ልንመለስ ስንነሣ ልንሰናበታቸው ሄድን። ሕዝቡ እየሳሳ ነበር። ሽማግሌው በቤተ ማርያም ደጅ በድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥላውም እንደ ተጠቀለለ በጉልበታቸው ላይ ነው። ካህኑ ከቅዳሴ በኋላ ይቀበሉኛል ብለዋል አሉን። እኛ ባናስቆይዎ ኖሮ ብለን ይቅርታ ልንጠይቃቸው ጀመርን። እርሳቸው ግን እኛን ሳይሆን ጓደኛችንን እያዩ «እግርህ ዳነ ወይ ልጄ?» አሉት። እርሱም ተቀምጦ በረባሶውን አወለቀና አሳያቸው።