አዲስ ቤት በጁጎል ግንብ ውስጥ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ማታ በፊታችሁ የምናቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። በጥንታዊ ከተማ ውስጥ አዲስ ቤት ሊሠራ ሲታሰብ፥ «ይህ ቤት ለሰፈሩ ይስማማል ወይስ አይስማማም?» ብሎ የሚመረምረው ማን ነው? የሚመረምረውስ በምን ሚዛን ነው? ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር ሐረርን ምሳሌ አድርገን እንነጋገር። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

የሐረር ጁጎል በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በውስጡም 82 መስጊዶችና 102 የዝያራ ስፍራዎች መኖራቸው በዚያው ተመዝግቧል። ነገር ግን ከተማዪቱን ያስከበራት የመስጊዱ ብዛት ብቻ ሳይሆን ተራው መኖሪያ ቤት ጭምር ነው። ጌይ ጋር የሚባለው የሐረሪ ቤት ለመንገዱ ጀርባውን ሰጥቶ ፊቱን ወደ ግቢው ያዞረ ነው። ውስጡም ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች ስለ ተሠራ፥ ታላቅና ታናሽ እንደ ማዕርጉ ይቀመጥበታል።

አንዳንዶቻችን፥ «እንግዲያስ ምንም አዲስ ነገር አይግባ» እንላለን። ሐሳቡ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም የከተማዪቱ ታሪክ አይደግፈንም። ከ1887 በኋላ ወደ ሐረር የመጡት የሕንድ ነጋዴዎች ፎቅ ያለው፥ በረንዳው ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚመለከት ቤት ሠሩ። ይህ ለከተማዪቱ እንግዳ ነበር። ቈይቶ ግን ከሐረሪው ቤት ጋር ተዳቅሎ ሦስተኛ ዐይነት ቤት ተገኘ፤ ዛሬ ሦስቱም የቅርሱ ክፍል ናቸው። ስለዚህ ሚዛኑ የቤቱ ዕድሜ ሊሆን አይችልም።

ሚዛኑ ጐረቤት ነው እንላለን። አዲሱ ቤት ከፍ ብሎ የጐረቤቱን ግቢ ያያልን? ጠባቡን መንገድ ገፍቶ ይይዛልን? ግድግዳው ከአጠገቡ ካለው ጋር ይያያዛል ወይስ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍተት ይተዋል? እነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ ተዘርዝረው ለማንኛውም ባለቤት አስቀድመው ሊሰጡት ይገባል። ያልተጻፈ ደንብ ለወዳጅ ይላላል፥ ለድኻ ይጠብቃል።

የምርመራው ጊዜም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በአሜሪካ የቻርለስተን ከተማ በ1931 ባወጣችው ደንብ፥ በአሮጌው ሰፈር የሚሠራው ቤት የውጭ መልኩ በንድፍ ሳለ በጉባኤ እንዲመረመር ወሰነች። በእንግሊዝ አገር ግን የሊቨርፑል የወደብ ሰፈር በ2004 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፥ በታቀደው ሰፊ ግንባታ ምክንያት በ2012 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቈጠረ፤ በ2021ም ከመዝገቡ ተሰረዘ። ዕቅዱ ከጸና በኋላ የሚመጣ ምክር፥ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደ ተባለው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የወጪው ጉዳይ ነው። በጁጎል የእንጨት በር በብረት በር መተካቱ ለቅርሱ ሥጋት ናቸው ከተባሉት አንዱ ነው። ባለቤቱ የብረቱን በር የመረጠው ቅርስ ጠልቶ ነውን? እኛ በዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ ተቀምጠን «የእንጨቱን መልስ» ማለት ይቀለናል። የዋጋውን ልዩነት ግን ማን ይክፈል? የከተማዪቱ ውበት የሁላችን ነው ካልን ዕዳውም የሁላችን ሊሆን ይገባል። ክልከላው ከድጎማ፥ ከግብር ቅናሽና ከእንጨት ሠሪዎች ሥልጠና ጋር ካልመጣ ቤቱ ይድን ይሆናል፤ ባለቤቱ ግን ለቆ ይሄዳል።

በመካከላችን ነገ ንድፍ የሚያነሡ፥ ሕግ የሚያረቁ፥ ፈቃድ የሚፈርሙ አሉ። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በመርማሪዎቹ ጉባኤ ላይ ከመሐንዲሱና ከታሪክ ዐዋቂው አጠገብ፥ በዚያው ሰፈር የሚኖሩ አንድ እናት ወንበር ይኑራቸው። የግቢውን ነገር ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለምና።